ለእማዬ፣ ስለ ፋሲካው ድፎ ዳቦ

ሐዋሳ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣ አዳማ።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በየሁለት ቀኑ በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ መጻፌ ሊያስገርምሽ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ጉዳይ በስልክ ባነሣሁ ቁጥር «ተይው ልጄ፣ አለፈ» እያልሽ ስለምታቋርጪኝ፣ እስከ መጨረሻው እንድትሰሚኝ በጽሑፍ ማድረጉን መረጥሁ።

በፋሲካ ዕለት እንግዶች ባሉበት ሁለተኛውን የድፎ ዳቦ ቁራሽ ልታነሺ እጅሽን ስትዘረጊ፣ ሳህኑን ወደ እኔ ስቤ «ይበቃሻል እማዬ፤ ሆድ እንዳሳዩት ነው» አልሁሽ። አንድም ቃል አልመለስሽልኝም። እጅሽን ሰብስበሽ የነጠላሽን ጫፍ አስተካከልሽና ሲኒዎቹን መደርደር ጀመርሽ። 55 ቀን ጾመሽ የፈታሽበት ቀን ነበር።

ያን ያናገረኝ የስኳርሽ ጭንቀት ነው፤ ጭንቀቴ እውነት ቢሆንም ፍርዴ ግን ስሕተት ነበር። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ ባለሽ ጊዜ፣ እንጀራውን በግማሽ አድርገሽ፣ በየማለዳው እየተራመድሽ፣ በ6 ወር 9 ኪሎ ቀነስሽ። ዓመት ሳይሞላ ሁሉም ሲመለስ እኔ «ተዘናጋች» ብዬ ደመደምሁ። ባዮሎጂ የማስተምር ሰው እንዲህ ብዬ መፍረዴ ያሳፍረኛል። ዘንድሮ ለተማሪዎቼ ስለ ሆርሞኖች ለማስተማር ስዘጋጅ፣ ያነበብሁት ሁሉ አንቺን ያስታውሰኝ ነበር።

በአንጎላችን ሥር ሃይፖታላመስ የምትባል 4 ግራም ያህል የምትመዝን ክፍል አለች። በውስጧ ሁለት ዓይነት የነርቭ ሴሎች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ አንደኞቹ ሲነቁ ሰው ይርበዋል፣ ሰውነቱም ኃይሉን መቆጠብ ይጀምራል፤ ሌሎቹ ሲነቁ ደግሞ የጥጋብ ስሜት ይመጣል፣ ሰውነትም ኃይሉን እንደ ልቡ ያወጣል። ለእነዚህ ሴሎች ወሬ ከሚያደርሱት መልእክተኞች ዋነኛው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ሲሆን፣ የሚመነጨው ከሆድ ሳይሆን ከራሱ ከስቡ ነው። ስቡ «ስንቅ አለ» ወይም «ስንቅ እያለቀ ነው» እያለ በደም በኩል ለአንጎል ይልካል ማለት ነው። ጨጓራም ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባለውን የራሱን መልእክት ይልካል።

ይህ የታወቀው በአይጦች ነው። በአሜሪካ በጃክሰን ላቦራቶሪ ከ70 ዓመት በፊት ያለ ልክ የሚበሉና የሚወፍሩ አይጦች ተገኙ። ዳግላስ ኮልማን የተባለው ሳይንቲስት የአንዷን ወፍራም አይጥ ሰውነት ከጤነኛዋ ጋር ሰፍቶ ደማቸው እንዲገናኝ ባደረገ ጊዜ፣ ወፍራሟ ምግቧን ቀነሰች፣ ክብደቷም እንደ ቀድሞው በፍጥነት መጨመሩን ተወ። ከጤነኛዋ ደም ውስጥ ለእርሷ የጎደላት ነገር ደርሷት ነበር። ያ ነገር ምን እንደሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ዘረመሉን አገኘው፣ ለሆርሞኑም «ቀጭን» ከሚለው የግሪክ ቃል ሌፕቲን የሚል ስም ወጣለት። ከ3 ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሰውነታቸው የሚሠራ ሌፕቲን የማያመነጭ ሁለት የዘመድ ልጆች ተገኙ፤ አንዷ በ8 ዓመቷ 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣት በ12 ወር ውስጥ ከ16 ኪሎ በላይ ቀነሰች። ያቺን ልጅ ከዚያ በፊት በመንገድ ያያት ሰው በእርሷና በእናቷ ላይ ምን ብሎ ይፈርድ እንደነበር መገመት አያዳግተኝም፤ እኔም እፈርድ ነበር።

ያንቺ ነገር እንደዚያች ልጅ አይደለም። ወፍራም ከሆኑት ሰዎች በአብዛኞቹ ደም ውስጥ ሌፕቲን ሞልቶ ተርፏል፤ ችግሩ አንጎል መልእክቱን እንደሚገባ አለመስማቱ ነው። መቀነሱን ግን በፍጥነት ይሰማል። ሰው ሲከሳ ሌፕቲኑ ይወርዳል፤ አንጎል ደግሞ የሐኪም ትእዛዝን ከድርቅ ዘመን ለይቶ አያውቅምና፣ ቤቱን ከችጋር ለማትረፍ ይነሣል። ረሃቡን ያበረታል፣ ምግብን ከወትሮው ይበልጥ ያጓጓል፣ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ በአጠቃላይ ሰውነት በዝቅተኛ ኃይል እንዲኖር ያዛል።

እማዬ፣ 9ኙን ኪሎ በቀነስሽበት ወቅት በአዳማ ሙቀት፣ ጎረቤቶች በር ከፍተው ደጅ ሲቀመጡ፣ አንቺ ጋቢ ደርበሽ «በረደኝ» ስትዪ ትዝ ይልሻል? ወባ ነው ብለን አስመረመርንሽ፤ ምንም አልተገኘም። ዛሬ ሳስበው፣ ያ ብርድ ሰውነትሽ እሳቱን ዝቅ አድርጎ ስንቁን ሲቆጥብ የተሰማሽ ይመስለኛል። አንቺ ግን ያን ጊዜም ማለዳ መራመድሽን አላቆምሽም።

በአውስትራሊያ በሜልቦርን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ልቤን ነክቶታል። በጥናቱ የተካፈሉ ሰዎች ምግብ ቀንሰው ከከሱ በኋላ ተመራማሪዎቹ አንድ ዓመት ጠብቀው ደማቸውን ሲመረምሩ፣ ሌፕቲናቸው ገና ዝቅ እንዳለ፣ ግሬሊናቸው ከፍ እንዳለ፣ ረሃባቸውም ከመጀመሪያው የበረታ ሆኖ አገኙት። አንቺን «ተዘናጋች» ባልሁበት በዚያው ጊዜ፣ ማንም ሳያይልሽ በየቀኑ ከዚህ ጋር ትታገዪ ነበር ማለት ነው።

የፈቃድ ነገር ቢሆን ኖሮ ካንቺ በላይ ማን ይኖረዋል? ስኳሩ መጥቶ ነፍስ አባትሽ ሰዓቱን እስኪያሳጥሩልሽ ድረስ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳትቀምሺ፣ ለእኛ ለልጆችሽ ምሳ ሠርተሽ ታቀርቢ ነበር። ጨው እንኳን በእኔ አስቀምሰሽ ነው። ጾም የሚፈታበት ቀን ይታወቃል፤ ይህኛው ረሃብ ግን መፍቻ ቀን ሳይኖረው ሌት ተቀን ይጠራል። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ቆጠርኋቸው፤ ስለዚህም ነው ይቅርታ የምጠይቅሽ።

ይህን ስልሽ ክብደቱ ይተው ማለቴ አይደለም። ክብደት በጥቂቱም ቢሆን ሲቀንስ፣ ከመቶ 5 እጅ ያህል እንኳን፣ ለስኳሩ ይጠቅማል፤ ስለዚህ 9 ኪሎ ካልሆነ ብዬ ዳግመኛ አላስጨንቅሽም። ለስኳር ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል እንደ ኢንሱሊን ያሉት ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ፤ በአንጻሩ ሴማግሉታይድን የመሳሰሉት አዲሶቹ በዚሁ የአንጎል የረሃብና የጥጋብ መንገድ ላይ ገብተው ምግብ የመፈለግን ስሜት ይቀንሳሉ። ላንቺ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ፣ በአገራችን የሚገኘውና አቅማችን የሚፈቅደውስ ምን እንደሆነ ሐኪሙን አብረን እንጠይቀዋለን። እስከዚያ ድረስ አንድም ኪኒን በራስሽ እንዳታቆሚ አደራ። የማለዳ እርምጃሽንም ክብደት ባይቀንስልሽ እንኳን አትተዪው፤ ለስኳሩም ለልብሽም ደግ ነው።

ቀጠሮሽ ሐምሌ 14 ቀን ሰኞ ነው። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ከሐዋሳ ተነሥቼ ለምሳ እደርሳለሁ፤ የምትወጂውን አቮካዶ ይዤልሽ እመጣለሁ። የሐኪሙን ካርድና የመድኃኒቶቹን ካርቶን አንድ ላይ አስቀምጪልኝ። ለእሑድ ድፎ ዳቦ ጋግሪ፤ በፋሲካ የነበሩትን ጎረቤቶች ለቡና እጠራቸዋለሁ፣ ሳህኑም በአንቺ ፊት ይቀመጣል።

የምትወድሽ ልጅሽ