የወንጂን አገዳ የቆረጡትም ይጻፉ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አባታችንን በ91 ዓመታቸው ባለፈው ሳምንት እዚሁ አዳማ ቀበርናቸው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጎረምሳ ነበሩ፤ ሆላንዶቹ ዘንድ አገዳ ቆራጭ ሆነው ገቡ። ወባ ደጋግሞ ጣላቸው፣ ደጋግመው ተነሡ። መዳፋቸው እስከ መጨረሻው ሻካራ ነበር። ቆይተው ጋሪ ገዙና ከባቡር ጣቢያው እህል እያመላለሱ ስምንት ልጅ አሳደጉ። ፈረሳቸው ሳይበላ እሳቸው እህል አይቀምሱም፤ እናታችን በዚህ ነገር እስክታርፍ ድረስ እንዳኮረፈቻቸው ነበረች! ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው ጋሪውን ሸጡ እንጂ ሥራ አልተዉም፤ ጓሯችን ውስጥ ፓፓያ ይኮተኩቱ ነበር።

ጋዜጣችሁ ለአርቲስትና ለባለሥልጣን ሙሉ ገጽ ሲሰጥ አያለሁ፤ ይሁን፣ አልከፋም። ግን ይህችን ከተማ ናዝሬት ከምትባልበት ዘመን ጀምሮ በጫንቃቸው የተሸከሟት ሰዎች እያለቁ ነው። ከአባቴ የእድር ጓደኞች ጥቂቶች አሁንም አሉ። ጆሯቸው ቢደክምም ስለ ወንጂ ሲጠየቁ የካምፑን ኑሮ፣ የደመወዝ ቀኑን ግርግር አንድ በአንድ ያወራሉ። ጋዜጠኛ ላኩልን፤ ሽማግሌዎቹን የምንሰበስበው፣ ቡናውንም የምናፈላው እኛ ነን።

አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ