ስለ ኮሞዶር 64 ዴሞ ሠሪዎች የወጣውን ጽሑፍ በተመለከተ

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ አሮጌ የቤት ኮምፒውተሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ኮሞዶር 64 በአማርኛ ጋዜጣ ተነስቶ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ጸሐፊው ግን በዚህ ማሽን እስከ ዛሬ ዴሞ የሚሠሩትን ሰዎች ወጣትነታቸው የናፈቃቸው ጎልማሶች ናቸው ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላለፋቸው መልስ መስጠት ግድ ሆነብኝ። ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ። ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን መጥቼ ድሬስደን የቀረሁ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ኮሞዶሬን የገዛሁት የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ፣ የምዕራቡ ሰዎች ፊታቸውን ወደ አዳዲስ ማሽኖች አዙረው አሮጌውን በርካሽ ሲያወጡት ነው። እስከ ዛሬ ይሠራል።

ለማያውቁት አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ ዴሞ ጨዋታም አይደለም፣ የተቀረጸ ቪዲዮም አይደለም። ኮምፒውተሩ እዚያው በዚያው እያሰላ፣ ሥዕሉን እየሣለና ሙዚቃውን እየተጫወተ ለጥቂት ደቂቃ የሚያሳየው ትርኢት ነው። የተወለደው በ1980ዎቹ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የጨዋታዎችን የቅጂ መከላከያ የሚሰብሩ ልጆች ስማቸው እንዲታወቅ ከጨዋታው ፊት አጭር ማስታወቂያ ይለጥፉ ነበር። ውሎ አድሮ ማስታወቂያው ከጨዋታው ተላቀቀና ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። በስካንዲኔቪያ፣ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስ፣ በፖላንድ፣ በሀንጋሪ ቡድኖች ተቋቋሙ፤ እየተገናኙም ይወዳደሩ ጀመር።

ማሽኑ በ1982 ለገበያ የቀረበ ነው። በአውሮፓ የተሸጠው ፕሮሰሰር 1 ሜጋኸርዝ እንኳ አይሞላም። ማኅደረ ትውስታው 64 ኪሎባይት፣ ቀለሙ 16 ነው፤ ቦብ ያንስ የነደፈው ሲድ የተባለው የድምፅ ቺፕ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። ኩባንያው በ1994 ከሰረ። ዴሞ ሠሪዎቹ ግን ዛሬም የሚወዳደሩት በዚያው በ1982ቱ አቅም ነው።

አንዱን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። የኮሞዶር ስክሪን ዙሪያውን ባለ አንድ ቀለም ክፈፍ አለው፤ አምራቹ እዚያ ላይ ሥዕል ይታያል ብሎ አላሰበም። የሥዕል ቺፑ እያንዳንዱን መስመር ሲሥል የቀኙ ክፈፍ የሚጀምርበት ቦታ መድረስ አለመድረሱን ይፈትሻል። ስክሪኑ በ40 ዓምድ (ወደ ጎን 40 ፊደል እንዲይዝ) ከተቀናበረ የሚፈትሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በ38 ዓምድ ከሆነ ትንሽ ቀደም ብሎ። አሁን ፕሮግራመሩ የ38ቱ ቦታ ካለፈ በኋላ፣ የ40ው ሳይደርስ፣ ቅንብሩን ከ40 ወደ 38 ቢቀይረው ሁለቱም ፍተሻ ቺፑን ያመልጠዋል። ክፈፉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ሥዕሉም እስከ ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ይዘልቃል። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ፋታ አንድ የፕሮሰሰር ምት ያህል ነው፤ የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ገደማ። አንድ መስመር 63 ምት፣ አንድ ምስል 312 መስመር፣ አንድ ሴኮንድ 50 ምስል አለው። ክፈፉ ክፍት እንዲሆን በተፈለገበት መስመር ሁሉ ያቺን አንዲት ምት ሳይስቱ ማግኘት ያስፈልጋል። በተረፉት ምቶች ደግሞ ሙዚቃውም እንቅስቃሴውም መሠራት አለበት። ይህን ዘዴ ያገኙት ቤታቸው ቁጭ ብለው ማሽኑን የመረመሩ ወጣቶች ናቸው እንጂ አምራቹ አላስተማራቸውም።

ለጸሐፊው የምለው ይህንን ነው፦ ናፍቆት ቢሆን ኖሮ የድሮውን ይደግሙ ነበር። የዚህ ማሽን ታላላቅ ሥራዎች ግን የወጡት ኩባንያው ከሞተ በኋላ ነው። የቡዝ ዲዛይን «ኤጅ ኦቭ ዲስግሬስ» በ2008፣ የሴንሰር ዲዛይንና የኦክሲሮን «ኮማላንድ» በ2014፣ የፐርፎርመርስ «ኔክስት ሌቭል» በ2023፤ ሦስቱም ኔዘርላንድስ ውስጥ በሚካሄደው ኤክስ በተባለው ውድድር አንደኛ ወጥተዋል። እያንዳንዳቸው ሲታዩ ከእነርሱ በፊት አይቻልም የተባለ ነገር ተችሎ ታይቷል። በ2021 ደግሞ «ፍሪስፒን» የተባለ ዴሞ ወጣ። የኮሞዶር ፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ የራሱ ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ አለው። ፕሮግራሙ እዚያ ውስጥ ከገባ በኋላ ኮምፒውተሩ ይነቀልና ማንበቢያው ብቻውን በገመዱ በኩል ምስል ወደ ስክሪን ይልካል፤ ድምፁም የሚወጣው ከራሱ ሞተር ነው። ይህን ያሰበ ሰው ወደ ኋላ እየተመለከተ ነው ለማለት አልችልም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የስዊድናዊው የሊኑስ ኦኬሶን «ኤ ማይንድ ኢዝ ቦርን» ነው። በ2017 ሳርብሩክን ከተማ በሪቪዥን ውድድር ላይ ቀረበ። ከ2 ደቂቃ በላይ ሙዚቃና ምስል ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ በጠቅላላ 256 ባይት ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የተለመደ የጽሑፍ አቀማመጥ ሲቀመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ 256 ባይት ማለት እንግዲህ 85 ፊደል ነው። የዚህ ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመሮች ከዚያ ይበልጣሉ።

ይህን ሁሉ ስል የዴሞው መንደር ምንም አልጎደለበትም ማለቴ አይደለም። እጅ በዝቷል፣ ሐሳብ አንሷል። ኮምፒውተሩን እንደ ኪሱ የሚያውቅ ሰው በየቡድኑ አለ፤ ምን ልበል ብሎ የሚጨነቅ ግን ጥቂት ነው። የሚሽከረከር ኪዩብ፣ ዋሻ፣ የሚቀርብና የሚርቅ የቼዝ ሰሌዳ፣ ከዚያ የሠሪዎቹ ስም፣ ከዚያ ሰላምታ። አንዱ ካለፈው ዓመት ሁለት መስመር ጨምሮ ያንኑ ኪዩብ ያመጣል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል፤ ምክንያቱም ድምፅ የሚሰጠው ታዳሚ ራሱ ፕሮግራመር ነውና ልፋቱን ያውቃል። አያቴ ቅኔ ቤት የዋሉ ሰው ነበሩ። ቅኔ ቤት ትናንት የተዘረፈውን ዛሬ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ መምህሩ ፊት የሚቆመው በአዲስ ነው፤ ልኩ ሳይሰበር፣ ምስጢሩ ግን ትኩስ ሆኖ። ዴሞ ሠሪዎች ልኩን ከማንም በላይ ይጠብቃሉ። ምስጢሩን ግን እንደዚያው አጥብቀው እንዲይዙት እፈልጋለሁ። «ኤ ማይንድ ኢዝ ቦርን» ልብ የሚነካው 256 ባይት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ስለ ባይት ምንም የማታውቀው ባለቤቴም እስከ መጨረሻው ቆማ አይታዋለች።

በሥዕሉ በኩል የተሻለ ነገር አለ። በ1990ዎቹ የታወቁ ሠዓሊዎችን ሥራ በፒክስል ገልብጦ የራስ አስመስሎ ማቅረብ የተለመደ ነበር። ዛሬ ሪቪዥንን በመሰሉ ውድድሮች ሠዓሊው ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ያለፈባቸውን ደረጃዎች አብሮ ማስገባት አለበት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል ማስፈልፈል በቀለለበት በዚህ ዘመን ይህ ደንብ እንዳይላላ አጥብቄ እደግፋለሁ።

ጽሑፋችሁ ያልጠቀሰው ሌላ ቁም ነገርም አለ። ፊንላንድ በ2020፣ ጀርመንና ፖላንድ በ2021፣ ኔዘርላንድስ በ2023 የዴሞውን ባህል በየአገራቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍረውታል። ክብር ይገባዋል፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የተመዘገበ ነገር ሁሉ ሙዚየም ውስጥ እንዳለ ዕቃ ይታይ ይሆን የሚል ሥጋት አለኝ። ሪቪዥን በሚካሄድበት በሳርብሩክኑ ኢ-ቬርክ አዳራሽ ውስጥ በፋሲካ ሰሞን ስቀመጥ (በአብዛኛው የእነርሱ ፋሲካ የእኛ ጾም ነው፤ እነርሱ ቋሊማ ሲበሉ እኔ የቋጠርኩትን የጾም እንጀራ እበላለሁ) በዙሪያዬ የማየው እንደ እኔ የሸበተ ራስ ነው። ወጣቶች አሉ፤ የሚበዙት ግን ዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ ወይም ፒኮ-8ን በመሳሰሉ በሶፍትዌር ብቻ ባሉ ማሽኖች ላይ ነው የሚሠሩት። ለኮሞዶሩ አዲስ ሐሳብ የሚያመጣለት ገና ይህን አዳራሽ ያላየ ሰው ይመስለኛል።

ለዚህም ነው ወደ አማርኛ ጋዜጣ የጻፍኩት። ኮሞዶር በአንድ ጊዜ 256 ፊደል ይይዛል፤ እያንዳንዱ 8 በ8 ፒክስል። የእኛ 33 ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ናቸው። የቀረው 25 ቦታ ነው። አሥር ለቁጥር፣ አንድ ለባዶ ቦታ፣ አራቱን ለአራት ነጥብ፣ ለነጠላ ሠረዝ፣ ለድርብ ሠረዝ እና ለጥያቄ ምልክት ሰጥቼ አሥሩን ለሏ፣ ሟ፣ ሯ፣ ሷ፣ ቋ፣ ቧ፣ ቷ፣ ኗ፣ ኳ እና ጓ አደረግሁት። እንደ ቨ እና ዟ ያሉት ውጭ ቀሩ። ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐን እና ፀን ጥለህ ቦታ አትርፍ ያለኝ ወዳጅ ነበር፤ አላደርገውም። ይልቅስ ዴሞ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት ቺፑ ስክሪኑን እየሣለ ሳለ መሀል ላይ ሌላ የፊደል ገበታ እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል፤ ቨ የሚገባው በዚያ መንገድ ነው። የከበደኝ ቅርጹ ነው። ባለ አንድ ፒክስል ቀጥ ያለ መስመር በድሮ ቴሌቪዥን ላይ ቀለሙ ስለሚበላሽ የኮሞዶር ፊደል እግር ሁለት ፒክስል ነው። ሦስት እግር ያለው ሐ ወይም ጠ ሁለት ሁለት ፒክስል ሲሰጠው በመሀል ካለው ክፍተት ጋር ስምንቱንም ይጨርሳል፤ ከጎረቤቱ ፊደል ጋር ይጣበቃል። የመሀሉን እግር አሳጥሬ፣ ሁለቱን ጎኖች በአንድ ፒክስል ጠጋ አድርጌ አሁን ይነበባል። ጨ ግን ገና አልሆነልኝም።

አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም መቀሌ ያለ ተማሪ ማሽኑን መግዛት አያስፈልገውም። ቫይስ የተባለው ነፃ ኢሙሌተር (ኮሞዶሩን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም) በአሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፤ ክፈፉን መክፈትም እዚያው መለማመድ ይቻላል። የፊደሉን ፋይል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ፤ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ለጠየቃችሁ ሁሉ ያለ ክፍያ እንድትሰጡልኝ፣ ጨን ከእኔ አሳምሮ የሚሥል ከተገኘም አድራሻዬን እንድታቀብሉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ
ድሬስደን፣ ጀርመን