የተሳቢ ፍሬን ሲሰንፍ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሽቦው ይለካ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቁልቁል ሲወርዱ ጄኔሬተር፣ የውኃ ታንከር ወይም የምግብ መሸጫ ተሳቢ የሚጎትቱ ፒክአፖች ያጋጥማሉ። ወደ እኛ የሚመጡት ባለንብረቶች አቤቱታ ተመሳሳይ ነው፤ ተሳቢው አይዝም፣ መኪናውን ከኋላ ይገፋል፣ አለዚያም ሳይታሰብ ይዞ ያንገጫግጫል። ከየጋራዡ የሚሰጣቸው መልስም እንዲሁ አንድ ሆኗል፦ የፍሬኑ ማግኔት ይቀየር፣ የፍሬኑ ሸራ ይቀየር፣ ያ ካልሆነ ጋቢና ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ይቀየር። ዕቃው ሶማሌ ተራ ሲፈለግ፣ ካልተገኘም ከውጭ እስኪመጣ ሲጠበቅ ንብረቱ ቆሞ ይከርማል። በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ ልማድ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ነው እላለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ያለበት ሽቦው ነው።

የምጽፈው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው ፍሬን ብቻ ነው። ከአውሮፓ በሚመጡ ቀላል ተሳቢዎች ላይ የሚበዛው፣ ተሳቢው ወደፊት ሲገፋ በመጎተቻው በኩል የሚይዘው ፍሬን ሌላ ዓይነት በመሆኑ እዚህ አይነሳም።

ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ መቆጣጠሪያው ወደ ተሳቢው ኤሌክትሪክ ይልካል፤ በየታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር በሚዞረው ክብ ብረት፣ ውስጥ ያለው ማግኔት በሚሽከረከረው ታምቡር ፊት ላይ ተጣብቆ አብሮ ሊዞር ሲል የተያያዘበትን ክንድ ይስባል፤ ክንዱም ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጋጥመዋል። የመያዝ ኃይሉ እንግዲህ ማግኔቱ ዘንድ በሚደርሰው የኮረንት መጠን፣ ማለትም በአምፔሩ፣ ይወሰናል። ለ10 እና ለ12 ኢንች ታምቡር የተሠሩት የተለመዱ ማግኔቶች ወደ 3.2 ኦም የሚጠጋ ሬዚስታንስ ሲኖራቸው፣ እያንዳንዳቸው በ12 ቮልት 3 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ባለ ሁለት ፍሬን ተሳቢ 6፣ ባለ አራት ፍሬን ደግሞ 12 አምፔር ገደማ መሳብ አለበት ማለት ነው።

ስለዚህ ጎማ ከመፍታት በፊት ከመቆጣጠሪያው ወደ ኋላ በሚሄደው ሽቦ ላይ፣ የመቆጣጠሪያውን የእጅ ማንሻ ሙሉ ለሙሉ ይዞ፣ አምፔሩን ማንበብ ይገባል። ሽቦው ባብዛኛው ሰማያዊ ነው፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ ተቀጣጥሎ ተቀጣጥሎ ስለሚደርስ ቀለሙን ማመን አይቻልም። ተራው ቴስተር ብዙውን ጊዜ ከ10 አምፔር በላይ ስለማይችል ለባለ አራቱ ፍሬን ሽቦውን ከውጭ የሚነክሰውና የባትሪ ኮረንት የሚለካው ዓይነት ይሻላል። በባለ አራቱ ፍሬን ንባቡ 12 አምፔር ከሆነ ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው፤ ወደ ታምቡሩ መሄድ ይቻላል። 9 ከሆነ አንዱ ማግኔት ተቋርጧል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ምንም ካላሳየ መሥመሩ ተቆርጧል፤ ከሚገባው በላይ ካሳየ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሾርት አለ። ሾርቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው በሚያልፈው ሽቦ ላይ ነው፤ ሽቦው ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ልባሱ ያልቃል፣ ፍሬኑም ጎርባጣ መንገድ ላይ ይዝ ይለቅ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚበዛው ግን የኔጌቲቭ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መሥመር፣ ችግር ነው። የተሳቢው ኔጌቲቭ ራሱን የቻለ ሽቦ ሳይዘረጋለት በመጎተቻው ኳስ በኩል እንዲመለስ ይተዋል፤ ኳሱ ደግሞ ግራሶ ተቀብቷል፣ ዝጓል፣ በየጉድጓዱም ይነጥራል። ክረምቱ ሲገባ የሶኬቱ ፒኖች አረንጓዴ ያወጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ መካኒኮች የሚታለሉበት ነገር አለ፦ ማግኔቱን ነቅለው የሽቦውን ጫፍ ሲለኩ 12 ቮልት ያነባሉና ሽቦውን ነጻ ያወጡታል። ክሮቹ ተበጣጥሰው አንድ ሁለቱ ብቻ የቀሩለት ሽቦም ቢሆን ጭነት ከሌለበት 12 ቮልት ያሳያል። ማግኔቱ እንደተገናኘ፣ እየሠራ ሳለ ነው መለካት ያለበት፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ወደ 7 ወይም 8 ቢወርድ ጥፋቱ የሽቦው እንጂ የማግኔቱ አይደለም። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ ከፒክአፑ ባትሪ ኔጌቲቭ ወደ ተሳቢው ሻንሲ ወፍራም ኬብል ለጊዜው ዘርግቶ ንባቡ ከፍ ካለ መፍትሔው በእጅ ገብቷል።

ኤሌክትሪኩ ደኅና ሆኖ ፍሬኑ ከሰነፈ ሸራው ላይ ግራሶ ፈስሶበት ወይም ከታምቡሩ ርቆ ሊሆን ይችላል። ግራሶ የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ በአንድ አክስል ላይ ያለውም ግራና ቀኙ አብሮ ካልተቀየረ ተሳቢው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የመቆጣጠሪያው መጠን የሚስተካከለው ደግሞ ደረቅና ለጥ ባለ መንገድ፣ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ፣ ጎማው ሊቆልፍ ሲል ጥቂት ዝቅ በማድረግ ነው። በጭነት የተስተካከለው ለባዶ ተሳቢ ይበዛበታል።

ሾፌሮች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ሌላም ነገር አለ። ማግኔቱ የሚሠራው ታምቡሩ ሲዞር ስለሆነ ይህ ፍሬን ዳገት ላይ የቆመን ተሳቢ ለመያዝ አልተሠራም። ፒያሳ ወይም ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ተዳፋት ላይ አቁሞ ተሳቢውን ከመኪናው የሚፈታ ሰው አስቀድሞ ከጎማው ሥር ታኮ ማድረግ አለበት።

በመጨረሻም ለዓመታዊ ምርመራ ባለሙያዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። ተሳቢው ከመኪናው ቢበጠስ በራሱ ባትሪ ፍሬን እንዲይዝ የሚያደርግ፣ በገመድ የሚሳብ ፒን አለው። የተሳቢውን ሶኬት ከፒክአፑ ነቅለው ፒኑን በመሳብ ተሳቢውን ቀስ ብለው ወደፊት ቢያስጎትቱት፣ ባትሪውም ሽቦውም ማግኔቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይፈተናሉ። ፈተናው ካበቃ በኋላ ፒኑን ወደ ቦታው መመለስ ግን አይዘንጋ፤ አለዚያ ተሳቢው ፍሬን እንደያዘ ይጎተትና ታምቡሩ ይቃጠላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ
ከተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ