ይድረስ ለፈረሰኛው ልጅ

ወንድሜ፣

«ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ይህን መስመር ስታነብ የምትስቃት ሳቅ ትዝ አለችኝና ተውኩት። ሦስት ዓመት ጠፍቶ ድንገት በሰላምታ ብቅ የሚል ሰው ጉዳይ ይዞ ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። አዎ፣ ጉዳይ አለኝ። ይቅርታውን ግን ቶሎ ልበልና ልገላገል፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስልክህ በእጄ ነበር፣ አልደወልኩም። የቀረውን ወደ ታች ስወርድ ድፍረት ካገኘሁ እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ ያው ነው፤ የባዕድ አገር ድራማ በአማርኛ እንዲናገር አደርጋለሁ። አሁን የያዝኩት የጦርነት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካና ስፔን በኩባ ምድር ሲዋጉ የሆነ ነው፤ እኛ ከዓድዋ ከተመለስን ገና ሁለት ዓመታችን መሆኑ ነው። ያኔ አሜሪካኖቹ አንድ ሺህ ያህል ሰው በፈቃዱ የተመዘገበበት የፈረሰኛ ሬጅመንት አቋቋሙ። የአሪዞናና የኒው ሜክሲኮ ካውቦይ፣ ከሀርቫርድ የወጣ የሀብታም ልጅ፣ የአገሬው ነባር ተወላጅ፣ ሁሉም በአንድ ድንኳን። አዛዣቸው ሊዮናርድ ውድ ሐኪም ነበር። ምክትሉ ቴዎዶር ሩዝቬልት ደግሞ የባሕር ኃይል ሚኒስቴር ረዳት ሚኒስትርነቱን ጥሎ የመጣ፣ ዓይኑ ደካማ፣ አንዱ ቢሰበር ሌላ እንዳያጣ ትርፍ መነጽሮች በልብሱ ሸጉጦ የዘመተ ሰው ነው። አንተ ብትሆን ትወደው ነበር። እኔ አንዳንድ ቀን ያንገሸግሸኛል።

ጠቡ የተነሣው ከመጀመሪያው ቃል ነው። እኔ «ወዶ ዘማች» አልኩ። አለቃዬ «በጎ ፈቃደኛ» ይሁን አለ። በጎ ፈቃደኛ ሲባል ለእኔ የሚታየኝ በክረምት ችግኝ የሚተክል ወጣት ነው እንጂ ጠመንጃ አንግቶ ባሕር የሚሻገር ሰው አይደለም። «ወዶ ገባ» የሚልም ነበር፤ ያንን ስም የያዘ ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ስለምታውቅ አላብራራም። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ወዶ ዘማች ጸደቀልኝ፤ ያሸነፍኩት ግን በሐሳብ ሳይሆን በከንፈር ነው። የተዋናዩ አፍ የሚገጠመው ቦታ ላይ «ማ» ልክ ገባችልኝ።

ሌላውን ድል ደግሞ ያገኘሁት በአባትህ ነው። ሳን አንቶኒዮ ላይ ሲሰለጥኑ መኮንኑ የፈረሱን አካሄድ እያከታተለ ያዛል። የቀድሞው ረቂቅ «በዝግታ፣ በመጠኑ ፈጠን፣ በጣም ፈጠን» ይላል፤ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት እንጂ ምን ፈረስ አለው? አባባ በዚያ ሜዳ ዳር ቆመው የነገሩን ትዝ አለኝና «ሶምሶማ! ደንገላሳ! ሽምጥ!» ብዬ ጻፍኩ። ድምፅ የሚሰጡት ልጆች ከመቀመጫቸው ተነሡ። አለቃዬ ብቻ ደንገላሳ የየትኛው ወታደር ስም እንደሆነ ጠየቀኝ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ።

እነዚህ ሰዎች ሁሉን ነገር በፈረስ ላይ ተለማምደው ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ወደብ ደረሱ። መርከብ የለም! ያለው አይበቃም። ከ12ቱ ሻምበል 8ቱ ብቻ እንዲሳፈሩ፣ ከመኮንኖች ፈረስ በቀር ፈረስ ሁሉ እንዲቀር ታዘዘ። ፈረሰኛ የተባለው ጦር ኩባ ላይ በእግሩ ሊዋጋ ሄደ። እኛ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን፤ እነሱን ፈረሱ አላደረሳቸውም። አራቱ ሻምበል ፈረስ እንዲጠብቅ ታምፓ ቀረ። ወደው የዘመቱ፣ ጦርነቱን ያላዩ፣ የሰው ፈረስ ውኃ ሲያጠጡ የከረሙ ሰዎች። የቀሩት አለቀሱ ይባላል።

ድራማው ለዚህ የሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው። አንድ ካውቦይ የፈረሱን ግንባር በግንባሩ ነክቶ አንድ ነገር ያንሾካሹካል፤ ካሜራው ከጀርባው ስለሆነ አፉ አይታይም። ገባህ? የፈለግሁትን ልጽፍ እችላለሁ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ነጻነት በዓመት አንድ ጊዜ ቢገጥመኝ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌ አሥራ አንድ ጊዜ ሰረዝኩት። «ደህና ሁን ወዳጄ» ይላል አንዱ፤ ባቡር ጣቢያ የቆመ ሰው እንጂ ፈረስ ያሳደገ ሰው እንዲህ አይልም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይብሳል። ጁን 22 ዳይኪሪ ላይ ሲወርዱ ማራገፊያ አልነበረም፤ ፈረስና በቅሎውን ወደ ባሕሩ እየለቀቁ ዋኝቶ ይውጣ አሉ። ሩዝቬልት ሁለት ፈረስ ነበረው። አንዱን በማንሻ ሲያወርዱት ማዕበል ደፈቀው፣ ሰጠመ። ሌላው ቴክሳስ ይባላል፤ እሱ ዳር ደረሰ። (በእኛ ወግ ቢሆን ሩዝቬልት «አባ ቴክሳስ» ተብሎ ይፎከርለት ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እንደተባሉት።) ከቀሩት አንዳንዶቹ አቅጣጫው ጠፍቷቸው ወደ ጥልቁ ሲዋኙ ዳር ላይ የቆመ መለከተኛ የፈረሰኛ ጥሪ ነፋ፤ የለመዱት ድምፅ ነውና አንገታቸውን አዙረው ተመለሱ ይባላል። በአራት ቀን ስድስት ጊዜ አየሁት። አንገታቸው ብቻ ከውኃው በላይ ይታያል፤ ጆሮዎቻቸው መጀመሪያ ይዞራሉ፣ ከዚያ ጭንቅላታቸው። እውነቴን ነው፣ ስድስተኛው ላይ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ሌላው ሁሉ እንደማንኛውም የጦር ድራማ ነው። ጁላይ 1 ቀን የሳን ሁዋን ኮረብታዎችን በእግራቸው ወጥተው ያዙ፤ ሩዝቬልት በቴክሳስ ላይ ሆኖ ጀመረ፣ ሽቦ አጥር ሲደርስ ወረደ። የፕሬስኮት ከንቲባ የነበረው ሻምበል ባኪ ኦኒል፣ ሰዎቹ ተኝተው ሳለ ሲጋራውን እያጨሰ በፊታቸው ይንጎራደዳል። ተኛ ሲሉት የሚገድለኝ የስፔን ጥይት ገና አልተሠራም አለ፤ ወዲያው አፉን ተመታ። እዚህ ላይ ለመተርጎም ምንም አልተቸገርኩም፤ እንዲህ ያለውን ሰው አማርኛ ከጥንት ያውቀዋል። ያናደደኝ የ9ኛውና የ10ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ነገር ነው። ጥቁሮቹ መደበኛ ወታደሮች ከጎናቸው ሆነው ያንኑ ኮረብታ ወጡ፤ ወዶ ዘማቾቹ ጋዜጠኛ ተከትሏቸው ስለነበር ዝናው ለእነሱ ሆነ። ድራማውም ለጥቁሮቹ የሰጠው ሦስት መስመር ነው። እኔ ሦስቱን መስመር ለጥሩው ድምፅ ሰጠሁት፤ የምችለው ያንን ነበር።

እንግዲህ የምፈልገውን ሳልነግርህ ወረቀቱ ሊያልቅ ነው።

ትዝ ይልሃል፣ አባባ ዳማውን ከወንዙ ማዶ ሲጠሩት? ስሙን አይሉም። ምላሳቸውን ከላንቃቸው አጣብቀው ሁለቴ ያስጮሁና ከዚያ ቀጭን፣ ወደ ታች የምትወርድ ፉጨት አለች። ዳማው በመጀመሪያ ጆሮውን፣ ቀጥሎ አንገቱን ያዞራል። ያቺን ድምፅ እፈልጋለሁ። ካውቦዩ ታምፓ ላይ ቃል እንዳይናገር ወስኛለሁ፤ ያቺን ብቻ ያሰማ። እኔ ሞክሬያታለሁ፤ ጎረቤቴ ድመት ጠፋብህ ወይ አለኝ። አንተ ታውቅበታለህ፤ ልጅ ሆነህ እሳቸውን እያስመሰልክ ፈረሱን ስታታልለው አይቻለሁ።

ይህን ለመጠየቅ ፊት እንደሌለኝ አውቃለሁ። መርዶው ደርሶኝ ነበር። በሰው አልሰማሁም ብዬ ላስወራ ሞክሬያለሁ፤ ሐሰት ነው፤ በዚያው ቀን ሰምቻለሁ። ማታውን ትኬት ቆርጬ ሌሊት አውቶቡስ ተራ ሄድኩ፤ ቦርሳዬ ውስጥ የእሳቸው ፎቶግራፍ ነበር። በጥር 23ቱ በዓል እንጅባራ ላይ፣ ዳማው ላይ ግላሱ ተደርጎ፣ እሳቸው ጦራቸውን አቁመው ያነሣኋቸው። «አጥበህ ታመጣልኛለህ» ብለውኝ «በሚመጣው ጥር» ብዬ ነበር። ሁለት ጥር አለፈ። ፎቶግራፉን ለሐዘን ቤት ይዤ ስገባ ታየኝ፤ እማማ ፊት ከቦርሳዬ ሳወጣው። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ወረድኩ። ያ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለም። ታምፓ የቀሩት እንኳ ታዝዘው ነው የቀሩት።

ስለ ዳማው ማንም አልነገረኝም። ሸጣችሁት? ወይስ አንተ ትጋልበዋለህ? ወፍሯል ብሎ ማን ነበር ስለ አንተ የነገረኝ... ተወው፣ ምስኪን ፈረስ።

ፎቶግራፉን በፖስታው ውስጥ አላደረግሁትም። በጥር ይዤው ልመጣ አስቤያለሁ፤ አትምጣ ካልከኝ እልከዋለሁ። ፉጨቷን ግን በስልክህ ቅረጽና እስከ ዓርብ ላክልኝ፤ የእኛ ቀረጻ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከቤት ውስጥ አትቅረጻት፣ ሜዳው ላይ ውጣ፤ ነፋሱ ቢገባባትም አይጎዳም። ዳማው ካለ ደግሞ ሲሰማት ምን እንዳደረገ ጻፍልኝ።

እማማን ሳምልኝ። እሳቸው ምን እንዳሉ አትንገረኝ።

ያው ወንድምህ