ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፦ የደኅንነቱን መሥሪያ ቤት ጠይቁልን

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ጉዳዬ አንድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 የሰጣችሁን ሥራ እንድትሠሩ ነው የምጠይቀው። የመከላከያን፣ የደኅንነትንና የፖሊስን አደረጃጀት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። አንቀጹ ግን በዚህ አያበቃም። የዜጎችን መሠረታዊ ሰብአዊ መብትና የሀገርን ደኅንነት የሚነካ ነገር ሲከሰት ምክር ቤቱ ያጣራል፣ እርምጃ እንዲወሰድም ያደርጋል ይላል። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ይተዋል አይልም። ለፖሊስ ይተዋል አይልም። ያጣራል ነው የሚለው።

ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ምን ታስታውሳላችሁ። የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ ጋዜጠኞችን ሰብስበው ለወራት የዘለቀ ምርመራ ውጤት ተናገሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰባት ስውር እስር ቤቶች ነበሩ አሉ። ሰው በኤሌክትሪክ ይሠቃይ ነበር፣ የፆታ ጥቃት ይፈጸም ነበር አሉ። ሰኔ 16 ቀን 2010 በመስቀል አደባባይ ለተወረወረው ቦምብም መመሪያው የመጣው ከደኅንነቱ ከፍተኛ አመራር ነው አሉ። እዚህ ባሕር ዳር ሰው ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ልጁ የተገረፈበት፣ ወንድሙ የጠፋበት ብዙ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሁሉም ዓይን ያረፈው አንድ ሰው ላይ ነበር፤ ጌታቸው አሰፋ ላይ። ሰውየው ከ1993 እስከ 2010 ዓ.ም. ለ17 ዓመት የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎትን መርተዋል። ይህን ያህል ጊዜ ሥልጣን ላይ ቆይተው ፎቶግራፋቸውን እንኳ ያየ ሰው ጥቂት ነበር። ከሥልጣን ሲነሡ መቀሌ ገቡ። የእስር ማዘዣ ወጣባቸው፣ የፌዴራል ፖሊስ ግን ሊይዛቸው አልቻለም። በዚያው ዓመት ከሌሎች 25 ሰዎች ጋር በሌሉበት ተከሰሱ። ምክትላቸው የነበሩት ያሬድ ዘሪሁን ቀደም ብለው በኅዳር ተይዘው ነበር። ክስ ክስ ነው፣ ፍርድ አይደለም። እኔም በማንም ላይ ለመፍረድ አልጻፍኩም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እነዚያ 17 ዓመታት ሲያልፉ ምክር ቤቱ የት ነበር? ሰባቱ ቤቶች ኪራይ ይከፈልባቸው ከነበረ፣ በጀቱን ያጸደቀው ማን ነው? ጠባቂ ነበራቸው፣ መኪና ይገባባቸው ነበር። ይህ ሁሉ ከሕዝብ ገንዘብ እንጂ ከየት ይመጣል? የደኅንነቱን መሥሪያ ቤት እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 804/2005 በእናንተው ምክር ቤት የወጣ ነው። ክትትል በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲሆንም ያው አዋጅ ይደነግጋል። በዚያ ዘመን ስንት ፈቃድ ተጠየቀ፣ ስንቱስ ተከለከለ ብሎ የጠየቀ አባል ነበር?

ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ነገሩ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ፓርቲ ጉዳይ አይደለም። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ንጉሡ የሚያምኗቸው የደኅንነት ኃላፊ ሌተና ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ከመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች አንዱ ነበሩ፤ ሙከራው ሲከሽፍ ሞቱ። የደርጉ የደኅንነት ሚኒስትር ኮሎኔል ተስፋዬ ወልደ ሥላሴ ከ1983 በኋላ ለፍርድ ቀረቡ። ክንፈ ገብረ መድኅን በግንቦት 1993፣ ሕወሓት ለሁለት በተሰነጠቀ ማግስት፣ መኮንኖች ክበብ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ቀጥሎ ጌታቸው መጡ። አንዱ በመፈንቅለ መንግሥት፣ አንዱ በእስር፣ አንዱ በጥይት፣ አንዱ በማዘዣ። ሥልጣን ላይ እያሉ በሕዝብ ተወካዮች ፊት ቀርበው በግልጽ ተጠይቀው፣ መልስ ሰጥተው፣ በሰላም ወንበራቸውን ለቀው የሄዱበት ታሪክ የለንም።

ከ2010 ወዲህስ? ጄኔራል አደም መሐመድ፣ ደመላሽ ገብረ ሚካኤል፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ ሬድዋን ሁሴን። ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ አራት ኃላፊ። አቶ ተመስገን ወደዚያ የሄዱት ከዚሁ ከተማ፣ ከክልሉ ርዕሰ መስተዳድርነት ወንበር ተነሥተው ነው። የግል ብቃታቸውን አላነሳም። ግን ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ዛሬም የመሥሪያ ቤቱ ተጠሪነት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ዛሬም ውስጡ ምን እንደሚሠራ የምንሰማው አንድ ኃላፊ ሲወድቅ ብቻ ነው።

ባሕር ዳር ይህን ጉዳይ በሩቁ የምታየው ከተማ አይደለችም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ምሽት የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴና የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ተተኮሰባቸው፤ ሦስቱንም አጣናቸው። መንግሥት ጥቃቱን የመሩት የክልሉ የሰላምና ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ ናቸው አለ። እሳቸውም በሁለተኛው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ተገደሉ። የሞተ ሰው ቃሉን አይሰጥም። ስለዚያ ምሽት በዚህ ከተማ እስካሁን እንደየቤቱ የተለያየ ታሪክ ይወራል፤ ልብ የሚሰብረኝም ይህ ነው። የሟች ልጆችም፣ የተከሳሽ ልጆችም በአንድ ከተማ ይኖራሉ። ለሁሉም የሚሆን፣ በምክር ቤት ፊት በግልጽ የቀረበ የተሟላ ሪፖርት እኔ አላየሁም።

ዛሬም ቢሆን ጣና ዳር ቡና እየጠጣ ስለ ፖለቲካ የሚያወራ ሰው ዞር ዞር ብሎ ካላየ አያወራም። አጠገቡ የተቀመጠው ጆሮ ጠቢ ይሁን አይሁን አያውቅማ። በሐምሌ 2015 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ቤተሰብ ልጁን የያዘው የትኛው አካል እንደሆነ ለማወቅ ከጣቢያ ጣቢያ ይንከራተታል። አዋጁ አበቃ፣ መንከራተቱ ግን አላበቃም። የያዝነው እኛ አይደለንም ይባላል። ታዲያ ማን ነው? ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሀገር ስለላ አያስፈልጋትም የሚል ሰው አይደለሁም። ጠላትም አለ፣ ቦምብም አለ። ግን እናት ልጇ የት እንዳለ ማወቋ የመንግሥት ምስጢር ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ስለ ሰባቱ ቤቶች ራሱ ምክር ቤቱ ያጣራ። የት ነበሩ? ማን ፈቀዳቸው? በእርግጥ ተዘግተዋል? ሌላ ከተማስ የሉም? የሰላም ጉዳይን የሚከታተለው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ከሰብአዊ መብት ኮሚሽን ጋር ሆኖ ሳይነገር ሄዶ የሚያይበት ሥልጣን በሕግ ይጻፍ። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ዳይሬክተር በዓመት አንዴ እንኳ፣ ምስጢር የሆነው ለዝግ ስብሰባ ቀርቶ፣ በግልጽ ይጠየቁ። መዝገቦቹም እንዳይጠፉ አሁኑኑ ትእዛዝ ይሰጥ። በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነትን አፈላልጋለሁ ይላል። የዚያ ዘመን እውነት ያለው እነዚያ መዝገቦች ውስጥ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28ም ማሠቃየትና ሰውን መሰወር በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላልና፣ በፖለቲካ ስምምነት ሰበብ ፋይሉ እንዲዘጋ አትፍቀዱ።

የሥራ ዘመናችሁ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ጉዳዩ በዚያው ሰሞን በአጀንዳ እንዲያዝ እጠይቃለሁ። ከጣና ዙሪያ የመረጥናችሁ ደግሞ ለእረፍት ስትመጡ በየስብሰባው ይህንኑ እንጠይቃችኋለን፦ አነሳችሁት ወይ? ምን መልስ ተሰጣችሁ?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ