የያስሜንን ነገር ገና አልጨረስንም፣ ለንባብ ቡድናችን እጃችሁን ዘርጉልን

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ አትላንታና አካባቢዋ ያላችሁም ሌላ ስቴት ያላችሁም። ዳር ዳር አልልም፣ ዛሬ የምጽፈው ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው። እዚህ ክላርክስተን አካባቢ ያለን ሴቶች ባንድ ልቦለድ ምክንያት የጀመርነው የንባብ ቡድን ሰው እየበዛበት ሄዶ አሁን ከኪሳችን አቅም በላይ ሆኗል፣ እንዲቀጥል 1,550 ዶላር ያስፈልገናል። 610ሩን እርስ በርሳችን አዋጥተናል፣ ሚቀረው 940 ነው። ለምን እንደምንፈልገው እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ጉዳዩ መጽሐፍ መግዛት ብቻ ስላልሆነ።

መጽሐፉ የኬኔዲ ራያን «ቢፎር አይ ሌት ጎ» ነው፣ በፈረንጅ 2022 የወጣ። ጸሐፊዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ በ2019 የአሜሪካ የሮማንስ (የፍቅር ልቦለድ) ጸሐፊዎች ማህበር ሪታ ሚባለውን ሽልማቱን ሲሰጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሸነፉት ሁለት ጥቁር ሴቶች አንዷ፣ ሽልማቱ መሰጠት ከጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ታሪኩ ደሞ እዚሁ እኛ ምንኖርበት አትላንታ ነው። ያስሜንና ጆሳያ ተፋተዋል ግን ሬስቶራንታቸውን አብረው ያስተዳድራሉ፣ ዴጃና ካሲም ሚባሉ ልጆቻቸውን አብረው ያሳድጋሉ፣ በየቀኑ ይገናኛሉ። ከፍቺው በፊት ጆሳያን ያሳደገችው አክስቱ ሞታለች፣ በዛው ሰሞን ያስሜን በሆዷ የነበረውን ልጅ አጥታለች። ከዛ እሷ ከአልጋ መነሳት አቃታት፣ እሱ ደሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራው ላይ ተደፋ፣ ቤቱ በዝምታ ፈረሰ፣ ፍቺውን የጠየቀችው ደሞ እሷ ናት። አሁን ሁለቱም ሌላ ሰው መቅረብ ጀምረዋል ግን ፍቅሩ ከውስጣቸው አልወጣም። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም፣ አንብቡት።

እና እኛ ጋ የተነሳው ክርክር! መጀመሪያ ቀን አብዛኞቻችን የፈረድነው ያስሜን ላይ ነበር። አይማታ፣ አይጠጣ፣ ልጆቹን ይወዳል፣ ሥራ ያውቃል፣ አረ ምን ጎድሎባት ነው ቤቷን ምትበትነው አለች አንዷ፣ ግማሹ ክፍል ልክ ብለሻል አላት። አንድ እናታችን ደሞ ሽማግሌ ቢገባበት እኮ አይፋቱም ነበር፣ የንስሐ አባት እንኳን የላቸውም እንዴ ብለው ከልባቸው አዘኑ። የሳቸው አስተያየት ብዙ አከራከረን፣ እውነትም እኛ ጋ ባልና ሚስት ሲጣሉ አስታራቂ አይጠፋም፣ ግን ሽማግሌው ሚያስታርቀው ጥፋት ሲኖር ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ምንም አልተበዳደሉም፣ ሀዘን ነው መሀላቸው የገባው፣ ሀዘንን ምን ብሎ ነው ሽማግሌ ሚገስጸው?

በመሀል አንዲት እህታችን ነበረች፣ ሁሌ ዳር ተቀምጣ ምትሰማ እንጂ ማትናገር፣ መጽሐፏን ያስሜን የልጁን ክፍል ምታስታውስበት ቦታ ላይ ጣቷን አስገብታ ይዛ አትፍረዱባት አለች። እሷም በሰባት ወሯ ልጅ አጥታለች፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ለማንም አውርታው አታውቅም። ከሆስፒታል ስትወጣ ሰው ሁሉ እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ እግዜር ሌላ ይተካልሻል አላት፣ ክፉ አስበው አይደለም፣ እኛ ጋ ሚባለው እሱ ስለሆነ ነው። ግን ለቅሶ የደረሳት የለም፣ ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ ስሙን ሚጠራ የለ። ባሏ ትራክ ነው ሚነዳው፣ በሳምንቱ ሎድ ይዞ ወጣ፣ እሷ ደሞ ጡቷ ወተት እያፈሰሰ ቤት ቀረች። ስሙን ነገረችን፣ እዛው ጠራነው፣ ከዛ በኋላ ስለ ያስሜን ምን ጎድሎባት ነው ብሎ ሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ይሄን ነው እኔ መጽሐፉ ሠራ ምለው። ሀዘኑ የሷ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅነው ደሞ ጎረቤታችን ሲናገሩ ነው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ቡድኑ ውስጥ ካሉት ትልቋ። እሳቸው ባደጉበት ቤተክርስቲያን ድባቴ ሚባል ነገር አይነሳም ነበር፣ ጠንካራ ጥቁር ሴት አትታመምም፣ ትጸልያለች ትሠራለች ነው ሚባለው አሉን። ስንሰማቸው ያው የኛው ነው፣ ቋንቋው ነው እንጂ ሚለየው። ልጆቻችን እዚህ ሀገር ጥቁር ሆነው ነው ሚያድጉት፣ ግን ከጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ጋር ቁጭ ብለን የቤታችንን ነገር ያወራንበት ጊዜ ስንት ነው? ብዙዎቻችን ገበያ ላይና ባስ ላይ ሰላም ተባብለን ማለፍ ብቻ ነው። ይሄ ቡድን ለኔ ትልቁ ነገሩ እሱ ነው።

የወንዶቹን ካልነገርኳችሁ ይጎድላል። ያንዷ ባል ኡበር እየሠራ ኦዲዮውን አብሯት ጀምሮ ከሷ በፊት ጨረሰው። ጆሳያ መጀመሪያ ላይ ቴራፒ ሚባል ነገር መስማት አይፈልግም፣ የሚገባበትም በትንሹ ልጁ በካሲም ምክንያት ነው፣ ይሄ ሰውዬ ታዲያ እዛ ክፍል ላይ መኪናውን አቁሞ እንዳዳመጠው ነገረን፣ ወንድ ልጅ ሲያዝን ሰው ሚጠይቀው ሚስቱ እንዴት እንደሆነች ነው እንጂ እሱ እንዴት ነህ አይባልም አለ። ከሱ በኋላ ሌሎች ሦስት ባሎች መምጣት ጀመሩ። ወንድ ሮማንስ ያነባል ወይ ለምትሉ፣ አዎ ያነባል፣ ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር ሚነግረው ካገኘ።

ሁሉም ወደደው አላልኩም። ጆሳያ አብሯት ለነበረችው ለቫሽቲ ያዘንን ብዙ ነን፣ ምንም ሳታጠፋ መሀል ገብታ ተጎዳች። ዴጃ እናቷ ላይ የምታሳየውን ቁጣ አንዳንዱ ብልግና ነው አለ፣ እዚህ ያደጉት ልጆች ግን በደንብ ገባቸው፣ ፍቺውን የጠየቀችው እናትየው መሆኗን ልጅቷ ስለምታውቅ ነው ነገሩ። የአልጋው ክፍል ደሞ ግልጥልጥ ያለ ነው፣ ይሄን ሳልደብቅ ነው ምነግራችሁ፣ መጽሐፉ ለአዋቂ ነው። የከበዳት ትዝለለው ተባብለን ተስማምተናል፣ ሚዘሉትም አሉ፣ እሱን ብለው የተዉትም ሁለት ሰዎች አሉ፣ እናከብራለን።

አንዳንድ ሰው የፍቅር ልቦለድ ነው እንዴ እርዳታ ሚሰበሰብለት ብሎኛል። እኔ ምለው፣ ጥቁር ቤተሰብ በፍቅር ውስጥ ሚታይበት መጽሐፍ እዚህ ሀገር በቀላሉ አልተገኘም። በ1980 ነው ቪቪያን ስቲቨንስ ሚባሉ ጥቁር ኤዲተር ዴል ለሚባለው አሳታሚ ሲሠሩ የኤልሲ ዋሽንግተንን ልቦለድ ያወጡት፣ በብዕር ስም፣ ጥቁር ጸሐፊ ስለ ጥቁር ፍቅረኞች የጻፈችው ትልቅ አሳታሚ ካወጣቸው ሮማንሶች የመጀመሪያው እየተባለ ይጠራል። በ1994 አራቤስክ ሚባል ለጥቁር ሮማንስ ብቻ የሆነ የኅትመት ክፍል ተከፈተ፣ ቆይቶ ሥራው ሃርለኩዊን ሚባለው አሳታሚ ጋ ሄዶ ኪማኒ ተባለ፣ እሱም በ2017 ሊዘጋ ነው ተባለ። ትላልቆቹ ሲከፍቱና ሲዘጉ መጽሐፎቹን ከእጅ ወደ እጅ እያዋሱ፣ ቤታቸው እየተሰበሰቡ እየተከራከሩ ያቆዩት አንባቢ ሴቶች ናቸው። ጎረቤታችን ቤት ካርቶን ሙሉ አሉ፣ በወጣትነታቸው ከእናታቸው ደብቀው ሳይሆን ከእናታቸው ጋር ተሻምተው ያነበቧቸው።

እሺ ገንዘቡ ምን ላይ ነው ሚውለው። መጽሐፉ አንዱ ኮፒ 17 ዶላር ገደማ ነው፣ 40 ኮፒ ጥቁሮች ከሚያስተዳድሩት የመጽሐፍ መደብር መግዛት እንፈልጋለን፣ 680 ዶላር። ላይብረሪ አለ እኮ ትላላችሁ፣ አለ፣ እኛም የላይብረሪ መጽሐፍ በስልክ ሚያዋሰው ሊቢ አፕ ላይ ተሰልፈን ነው የጀመርነው፣ ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ ደርሶሽም በሌሊት ፈረቃ ምትሠራ ሴት ባሉት ቀናት አትጨርሰውም፣ መሀሉ ላይ ተመልሶ ይወሰድባታል። 320 ዶላሩ ለቤቢሲተር ነው፣ ለአራት ስብሰባ፣ ያለሱ ትንንሽ ልጅ ያላቸው አይመጡም፣ ይሄ መጽሐፍ ደሞ ከማንም በላይ እነሱን ነው ሚመለከተው። 400ው ቴራፒስት ለሁለት ጊዜ ልናመጣበት ነው፣ አማርኛ ምትናገር፣ ፈቃድ ያላት፣ ቀንሳልን ነው። ይሄኛውን እንዳትንቁብኝ፣ ያቺ እህታችን ከተናገረች በኋላ ሌሎች አራት ሴቶች ቀስ ብለው ለየብቻ መጥተው የራሳቸውን ነግረውኛል፣ እኔ ሰምቼ ከማልቀስ ውጪ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም፣ ሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል።

የቀረው 150 ለማይክና ለመቅጃ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ ሚከብዳቸው እናቶች አሉን፣ መጽሐፉን ተርጉመን እንዳንሰጣቸው መብቱ የጸሐፊዋና የአሳታሚው ነው፣ አንነካውም። ምንቀዳው የራሳችንን ውይይት ነው፣ በአማርኛ፣ ታሪኩን ባጭሩ ነግረን ማን ምን እንዳለ፣ የት ላይ እንደተጣላን፣ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ብቻ ስሙ ሳይጠራ። ሲያልቅ በቴሌግራም በነጻ እንለቀዋለን፣ ስለዚህ ዲሲም ሁኑ ሚኒሶታ ወይ ዱባይ ሰው ቤት ምትሠሩ እህቶቼ እናንተም ጋ ይደርሳል። የዛች እህታችን ታሪክ እዚህ የጻፍኩት ራሷ ጻፊው፣ ሌላዋም ትስማው ስላለችኝ ነው፣ ስሟን አትጠይቁኝ።

ቡና፣ ዳቦና ሻይ ከዚህ ውስጥ የለም፣ እሱን ተራ በተራ እናመጣለን። አዳራሹንም አንዲት ቸር ሴት ሱቋን ከዘጋች በኋላ በነጻ እየሰጠችን ነው፣ እግዜር ይስጣት።

መስጠት ምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ የገንዘብ ያዣችንን የዜል (ገንዘብ በስልክ ሚላክበት) ቁጥር እልክላችኋለሁ፣ ቁጥር እዚህ ላይ በአደባባይ አናስቀምጥም፣ በኛ ስም ሌላ ቁጥር ሚለጥፍ ካያችሁ እኛ አይደለንም። አምስት ዶላርም አስር ዶላርም እኩል ነው ምንቀበለው። ገንዘቡን ሁለት ሰዎች ናቸው ሚያዩት፣ አንዷ ከኛ አንዷ ከጥቁር አሜሪካውያን እህቶቻችን፣ የወጣበት ደረሰኝ በሙሉ ፎቶ ተነስቶ እዚሁ ይለጠፋል። ከ1,550 በላይ ከመጣ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ነው፣ የዚሁ ተከታታይ ሁለተኛው በ2024 ወጥቷል፣ ስለ ሌላ ሴት ነው፣ ሴቶቹ ካሁኑ እየጠየቁኝ ነው።

ገንዘብ የሌላችሁ መጽሐፉን አንብባችሁ ጨርሳችሁ ከሆነ ኮፒያችሁን ስጡን፣ የተሰመረበትም ጫፉ የታጠፈም ቢሆን እንወስዳለን። ልጅ መያዝ ምትችሉ፣ ድምፅ ማስተካከል ምታውቁ፣ ማታ ስናበቃ መኪና ለሌላቸው ሊፍት ምትሰጡ ጻፉልኝ። መጽሐፉን ሩቅ ሆናችሁ ያነበባችሁ ደሞ አስተያየታችሁን በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልን፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ በተለይ ያስሜን ላይ አሁንም ምትፈርዱ ካላችሁ ሳትፈሩ ተናገሩ፣ ቀረጻው ውስጥ እናስገባዋለን።