ብረት ስለማይለብሰው ድሩይድህ

ልጄ፣ የእኔ ጌታ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው ቤት በመጣህ ጊዜ ኮምፒውተርህ ላይ በጨዋታ ውስጥ አንድ ሰው ድብ ሆኖ ሲነሳ አይቼ ምንድን ነው ብልህ፣ «ድሩይድ ነው እማዬ፤ ጫካ ይጠብቃል፣ የብረት ጥሩር አይለብስም» አልከኝ። እኔ ግን እራቱ ቀዘቀዘ ብዬ ወሬውን ቆረጥኩብህ። ቅዳሜ የሄድኩበት ቦታ ያንን አስታወሰኝ።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት የዌልስ ሴት አለች። እሷም ድሩይድ ነኝ ትላለች፤ በጨዋታ ሳይሆን በእምነት። ድሩይዶች ለካ በጥንት ዘመን የብሪታንያና የአካባቢዋ ሕዝቦች ካህናት ነበሩ። በመኪናዋ የጥንቶቹ ድሩይዶች ወደ ነበሩባት የዌልስ ደሴት፣ ወደ አንግልሲ፣ ወሰደችኝ። እዚያ የአየር ኃይል ማረፊያ አጠገብ ሊን ኬሪግ ባኽ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ፤ «የትንንሽ ድንጋዮች ሐይቅ» ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ገደማ፣ ማረፊያውን ሲሠሩ አሸዋው በነፋስ እንዳይነሳ ከሐይቁ ዳር ጥቁር የረግረግ አፈር እየቆፈሩ ያለብሱት ነበር። ከአፈሩ ጋር አንድ የብረት ሰንሰለት ወጣ። ሠራተኞቹም በትራክተር አስረው ጭቃ የያዛቸውን የጭነት መኪኖች ጎተቱበት፤ አልተበጠሰም። ኋላ ሲመረመር ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው ማሰሪያ ነው፤ አምስት የአንገት ቀለበቶች አሉት። አምስት ሰው አንገት ለአንገት ታስሮ ሲሄድ አስበው።

ከዚያው ሰይፍ፣ ጦርና የሠረገላ ዕቃ ወጣ፤ በጠቅላላው ከ150 በላይ የብረትና የነሐስ ዕቃ። አጥኚዎች ለአማልክት በስለት የተሰጠ ነው ይላሉ። እንግዲህ የድሩይዶች ደሴት በብረት የተሞላች ነበረች። የአንተ ድሩይድ ብረት እንዳይለብስ የተከለከለው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1976 ለተጫዋቾች ሲያቀርበው ባወጣው ሕግ ነው። ጥንታዊው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ የጻፈው ድሩይድ ነጭ ለብሶ ኦክ ዛፍ ላይ ይወጣና ተቀጽላ በወርቅ ማጭድ ይቆርጣል። ተቀጽላ ሲል አያትህ ትዝ አለችኝ፤ እሷም ለመድኃኒት የወይራ ተቀጽላ ትፈልግ ነበር።

የሮማው የጦር መሪ ጁሊየስ ቄሣር ደግሞ አንዳንድ የድሩይዶች ተማሪዎች እስከ 20 ዓመት ድረስ ግጥም በቃላቸው ሲያጠኑ ይቆዩ እንደነበር ጽፏል። ትምህርታቸውን በጽሑፍ አያሰፍሩም። አባቴ የቅኔ ቤት ዘመኑን ሲያወራ ስለሰማሁ ልፋቱ ይገባኛል፤ የእኛዎቹ ግን ብራና ነበራቸው። ከድሩይዶቹ በራሳቸው እጅ የተጻፈች አንዲት መስመር አልተረፈችም። ስለ እነሱ የምናነበው የወጓቸው ሰዎች የጻፉትን ነው። እ.ኤ.አ. በ60 ወይም በ61 የሮማ ጦር ደሴቲቱን ሲወር፣ ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንደሚለው፣ ሴቶች ጥቁር ለብሰው ችቦ ይዘው ይሮጡ ነበር፤ ድሩይዶቹም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይራገሙ ነበር። ጦሩ ፈጃቸው፤ ቅዱስ ደናቸውንም ጨፈጨፈ። ታሲተስ ድሩይዶቹን ሰው ይሠዉ ነበር ሲል ይከሳቸዋል። ከሳሹ፣ ገዳዩና ታሪክ ጸሐፊው አንድ ወገን ሲሆኑ እኔ ሁሉንም አላምንም። ሰንሰለቱን ሳስብ ደግሞ ሁሉንም ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም።

ሴትየዋ ውሃው ዳር ቆማ ጸለየች። ጸሎቱ ኢዮሎ ሞርጋኑግ የተባለ የዌልስ ድንጋይ ጠራቢ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ራሱ ጽፎ የጥንት ነው ያለው መሆኑን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ይህን ባለመደበቋ አከበርኳት። እኔም በሃይማኖቴ አማተብኩና ጎኗ ቆምኩ።

ለፋሲካ ስትመጣ ሦስታችን እንሄዳለን፤ ቃል ገብታልኛለች። የሐይቁ ዳር ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማህን ይዘህ ና። ድሩይድህንም ከመጀመሪያው ጀምረህ አሳየኝ፤ እራቱ ይቆየናል።

እናትህ